የጎንደር ምስክሮች፤ ስለ ታሪክ ማስረጃና ስለ አድልዎ

በጎንደር ከተማ ከዕድሜ ጠገብ ሰው ጋራ ተቀምጦ የዐፄ ቴዎድሮስን ነገር ያነሣ ሁሉ ሁለት ዓይነት ቃል መስማቱ አይቀርም። አንደኛው የኩራት ቃል ነው፤ ከዚህ ከእኛ አገር፣ ከቋራ በረሓ ተነሥተው የመሳፍንቱን ዘመን የዘጉ፣ የተበታተነችውን ኢትዮጵያ አንድ ሊያደርጉ የታገሉ፣ ለባዕድ እጃቸውን ከመስጠት ሞትን የመረጡ ንጉሥ እያለ ያወድሳል። ሁለተኛው የኀዘን ቃል ነው፤ የነገሥታቱን ከተማ ያቃጠሉ፣ የአድባራቱን ንዋየ ቅድሳት የወሰዱ፣ ሕዝቡን ያፈለሱ ንጉሥ እያለ ያለቅሳል። የሚያስደንቀው ግን ሁለቱን ቃል የሚናገረው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው መሆኑ ነው። አድማጩ ከሁለቱ የወደደውን መርጦ ይሄዳል፤ የጠላውንም ሐሰት ነው ብሎ ይተወዋል።

ይህ ልማድ በታሪክ ብቻ የሚታይ አይደለም። በሸንጎም ሆነ በምክር ቤት፣ በምርጫ ክርክርም ሆነ በገበያ ጨዋታ፣ ሰው አስቀድሞ ወገኑን ይመርጣል፤ ማስረጃውን ፍለጋ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ዐፄ ቴዎድሮስ ደግ ነበሩ ወይስ ክፉ የሚለውን አይደለም። ስለ እርሳቸው የመሰከሩትን ሰዎች አንድ በአንድ አቁመን፣ ማን እንደ ሆኑ፣ የት ቆመው እንዳዩ፣ ምን እንደ ተናገሩና ምን ሳይናገሩ እንደ ቀሩ ለመጠየቅ ነው። የዚህ ንጉሥ ነገር ለዚህ ትምህርት የተመቸ የሚሆነው ምስክሮቹ ብዙዎች፣ ወገኖቻቸውም የታወቁ በመሆናቸው ነው።

ምስክርን መመርመር ከውጭ አገር የመጣ ጥበብ እንዳይመስለን። አባቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር በሚያስችሉት ችሎት ይህን ሥራ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቁት ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በሙግት ሲገጥሙ ምስክር የተቆጠረበት ወገን ምስክሩ ዘመድ እንደ ሆነ፣ ባለ ደም እንደ ሆነ፣ ጥቅም እንዳለው እያነሣ ይነቅፈዋል፤ ዳኛውም በዓይንህ አየህን ወይስ በጆሮህ ሰማህ ብሎ ይጠይቃል። ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ይጸናል የሚለውም ደንብ ከቅዱስ መጽሐፍ የወረስነው ነው። ችግሩ ስለ አንዲት ጥማድ በሬ በምንከራከርበት ጊዜ የምንጠነቀቀውን ያህል ስለ አገር ነገር በምንከራከርበት ጊዜ አለመጠንቀቃችን ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ምስክርነት እንጀምር። የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የፊቱ ካሣ ኃይሉ፣ በ1811 ዓ. ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ይባላሉ። ካሣ በሸፈቱበት ወራት በጎንደር በእቴጌ መነን ግቢ የነበሩ መኳንንት የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ደጃዝማች ወንድይራድ የተባሉት የእቴጌይቱ የጦር አለቃ በ1839 ዓ. ም. ገደማ ይህን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣዋለሁ ብለው ፎክረው እንደ ዘመቱ፣ ድል ሆነው በተማረኩም ጊዜ ካሣ እናቴ ገበያ ሳይቀናት ውላለች ብለው ኮሶውን ራሳቸውን እንዳስጠጧቸው ይተረካል።

ይህ የስድብ ቃል ከዚያ በኋላ ረጅም መንገድ ተጓዘ። ከመኳንንቱ አፍ ወደ ጎንደር ገበያ ወጣ፤ ከገበያም ወደ ባዕዳን ጆሮ ደረሰ። ሄንሪ ስተርን የተባለው ሚሲዮናዊ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ወደ ቤተ እስራኤል መጥቶ ሲመለስ በለንደን ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የንጉሡ እናት ድኻ ሆነው ኮሶ ይሸጡ ነበር ብሎ ጻፈ። እንደገና ወደ ኢትዮጵያ በተመለሰ ጊዜ መጽሐፉና ወረቀቱ ተያዘ፤ በ1856 ዓ. ም. ጎንደር ላይ በችሎት ፊት ቃሉ ተነበበበትና ታሰረ። ከጎንደር የወጣው ወሬ ባሕር ተሻግሮ በማተሚያ ቤት አልፎ ወደ ጎንደር ሲመለስ ሰውን በሰንሰለት የሚያሳስር ሆነ።

ከዚህ የምናገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ታላቅ ነው። የኮሶውን ነገር መኳንንቱ ተናግረዋል፤ የከተማው ሰው ተናግሯል፤ የውጭ አገር ሰው በመጽሐፍ አሳትሟል፤ ከእርሱም በኋላ የጻፉ ሁሉ ደግመውታል። ላይ ላዩን ለተመለከተ ሰው ምስክሮቹ እጅግ ብዙ ይመስሉታል። የወንዙን መነሻ ተከትሎ የወጣ ሰው ግን የሚያገኘው አንዲት ምንጭ ናት፤ እርስዋም የጠላት ግቢ ናት። አንድ ቃል በመቶ አፍ ቢነገር መቶ ምስክር አይሆንም። የሚቆጠረው ያየ ዓይን እንጂ የደገመ አፍ አይደለም።

ስድቡን ከሌላ ማስረጃ ጋራ ብናስተያየው ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። የካሣ አባት ደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ከቋራ ገዢዎች ቤት ነበሩ። በ1829 ዓ. ም. ከግብፅ ጦር ጋራ በጠረፍ ተዋግተው ድል ያደረጉት ደጃዝማች ክንፉም የዚሁ ቤት ሰው ናቸው። ከእንደዚህ ያለ ቤት የተወለደውን ልጅ ከምንም የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ባል የሞተባት ሴት፣ የባልዋ ዘመዶች ርስቱን ቢይዙባት፣ በከተማ ተቸግራ መኖርዋ በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ጠላት የተናገረው ሁሉ ሐሰት ነው ብሎ መዝጋትም ትክክል አይሆንም። ችግሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ከችግሩ ላይ የተሠራው ንቀት ግን የተናጋሪው ነው።

አሁን ደግሞ ፊታችንን ወደ ወዳጅ ወገን እንመልስ። ከስሜን ደጋ፣ በጃን አሞራ፣ ደረስጌ ማርያም የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች። ያሠሯት የስሜንና የትግራይ ገዢ ደጃዝማች ውቤ ናቸው፤ በእርስዋም ውስጥ ለመንገሥ አስበው እንደ ነበር ይነገራል። በየካቲት ወር 1847 ዓ. ም. ግን ካሣ ውቤን በዚያው በደረስጌ ድል አደረጉ፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን አቡነ ሰላማ ቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ አሰኟቸው። ስሙም ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል የሚለው ትንቢት በፍካሬ ኢየሱስ ተጽፎ በሕዝቡ ዘንድ የታወቀ ነበር።

ከዘውዱ በኋላ የኮሶ ሻጭ ልጅ የሚለው ቃል በሌላ ቃል ተተካ፤ የሰሎሞን ዘር ናቸው፣ ከጥንቶቹ ነገሥታት ይወለዳሉ ተባለ። እዚህ ላይ ጠያቂ ዳኛ ቆም ማለት አለበት። የትውልዱ ቆጠራ ጎልቶ የተሰማው መቼ ነው? ከድሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ማንስ ተናገረው? ማንስ ተጠቀመበት? ከጠላት ግቢ የወጣውን ስድብ እንደ ጠረጠርነው ሁሉ ከንጉሥ ድንኳን የወጣውንም ውዳሴ በዚያው ሚዛን ማኖር ይገባናል። እርሳቸው ራሳቸው በ1855 ዓ. ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ የቀደሙትን ነገሥታት አባቶቻቸው እያሉ ይጠራሉ፤ በዚያው ደብዳቤ ደግሞ እግዚአብሔር ከትቢያ እንዳነሣቸው ይናገራሉ። የነገሥታት ልጅና የትቢያ ልጅ በአንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ ጠላትም ወዳጅም ግማሹን ብቻ ቆርጦ ይወስዳል። ሙሉውን ያነበበ ግን ሰውየውን ያያል።

ሦስተኛው ነገር የምስክሩ መቆሚያ ነው። ካሣ ከአቡነ ሰላማ ጋራ በ1846 ዓ. ም. በተስማሙበት ወራት አባ ያዕቆብ የተባሉት የካቶሊክ ሚሲዮን አለቃ ጎንደር ላይ ታሰሩ፤ በኋላም ከአገር እንዲወጡ ተደረጉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ጎባት የላኳቸው ፕሮቴስታንቶች መጥተው በንጉሡ ዘንድ ሞገስ አገኙ፤ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተቀምጠውም በእጅ ሥራቸው አገለገሉ። ስለዚህ በአንድ ዘመን፣ ስለ አንድ ሰው፣ ከአንዱ ወገን የተጻፈው ደብዳቤ አሳዳጅ ሲላቸው ከሌላው ወገን የተጻፈው አገር አዳሽ ይላቸዋል። ሁለቱም ወገኖች የሐሰት ምስክር አልነበሩም። አንዱ ከእስር ቤት መስኮት፣ ሁለተኛው ከግብር አዳራሽ ደጃፍ ቆሞ ያየውን ጻፈ። ስሕተቱ ከአንድ መስኮት የታየውን የቤቱ ሁሉ መልክ ነው ብሎ መቀበል ነው።

ከአገራችን ጸሐፊዎችም ዘንድ እንደዚሁ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ዜና መዋዕል በሦስት ሰዎች እጅ ተጽፏል፤ ሦስቱም እንደ ቀድሞው በግዕዝ ሳይሆን በአማርኛ መጻፋቸው ለቋንቋችን ታሪክ ትልቅ ነገር ነው። አንደኛው የደብተራ ዘነብ ነው፤ ዘነብ በንጉሡ ዘመን የነበሩ፣ ንጉሡንም የሚያደንቁ ሰው ናቸው። ሁለተኛው የአለቃ ወልደ ማርያም ነው፤ እኒህ ደግሞ ከአቡነ ሰላማ ወገን የነበሩና ከንጉሡ ሞት በኋላ የጻፉ ናቸው። አቡነ ሰላማ ደረስጌ ላይ ዘውድ ጭነው በመጨረሻ ከዚያው ንጉሥ ጋራ ተጣልተው በመቅደላ እስር ቤት በ1860 ዓ. ም. ያረፉ መሆናቸውን ያሰበ አንባቢ፣ የወልደ ማርያም ቃል ለምን እንደ መረረ ለመረዳት አይቸግረውም። ሦስተኛው ጸሐፊ ስሙ አልታወቀም። የዘነብን ጽሑፍ ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን በ1902፣ የወልደ ማርያምን ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ በ1904 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ስላሳተሟቸው፣ ዛሬ ማንኛውም ተማሪ ጐን ለጐን አድርጎ ሊያነባቸው ይችላል።

እነዚህን ጽሑፎች ጐን ለጐን ያነበበ ሰው ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ጎንደር መቃጠል ይደርሳል። ዘነብ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አይናገሩም። ታዲያ አድናቂው ጸሐፊ ነገሩን ደበቁትን? አልደበቁትም። የዘነብ ታሪክ በ1852 ዓ. ም. ገደማ ያበቃል፤ ጎንደር የተቃጠለችው ግን በ1859 ዓ. ም. ነው። ብዕሩ ከእሳቱ ሰባት ዓመት ቀድሞ ተቀምጧል። ስለዚህ ዘነብን ብቻ አንብቦ ንጉሡ ጎንደርን አላቃጠሉም የሚል ቢኖር የጸሐፊውን ዝምታ እንደ ምስክርነት መቍጠሩ ነው። የምስክርን ቃል ብቻ ሳይሆን ቃሉ የቆመበትንም ቀን መጠየቅ ግድ ነው።

ስለ መቃጠሉ ወልደ ማርያም መስክረዋል። ነገር ግን እኒህ የንጉሡ ወዳጅ አይደሉም፤ በዚያ ወራት በንጉሡ እጅ ታስሮ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ብላንክም መስክሯል፤ እርሱም እስረኛ ነው። ተከላካይ የሆነ ሰው፣ ምስክሮቹ ሁሉ ባለ ቂም ናቸው ብሎ ሊነቅፋቸው ይችል ነበር። እዚህ ላይ ግን ወዳጅም ጠላትም ያልሆነ ምስክር ይመጣል፤ እርሱም መጽሐፉ ራሱ ነው። ንጉሡ ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸውን የብራና መጻሕፍት ወደ መቅደላ ወስደው፣ በዚያ ሊያሠሩት ላሰቡት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አኖሯቸው። በሚያዝያ 1860 ዓ. ም. መቅደላ በተያዘች ጊዜ የእንግሊዝ ጦር ከእነዚሁ መጻሕፍት 350 ያህሉን ለብሪትሽ ሙዚየም ወሰደ። ዛሬ በለንደን ከሚገኙት ከእነዚያ መጻሕፍት በብዙዎቹ ላይ የጎንደር አድባራት ስም ተጽፎ ይነበባል። ብራና ወገን የለውም፤ ለማንም አያደላም። ከጎንደር ዕቃ ቤት ወደ መቅደላ አምባ በእግሩ እንዳልሄደ ግን የታወቀ ነው።

እንዲህ ሲባል ደግሞ በጎንደር የሚታየውን ፍርስራሽ ሁሉ በአንድ ንጉሥ ላይ መጫን ሌላ አድልዎ ይሆናል። ከዐፄ ቴዎድሮስ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በጥር 1880 ዓ. ም.፣ ደርቡሽ ሣር ውኃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደር ገብቶ አድባራቱን አቃጥሏል፤ ሕዝቡንም ማርኳል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከዚያ እሳት ተርፋ ዛሬም ቆማለች። በግንቦቹ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ያደረሰው ጕዳት አለ፤ ጎንደር ከኢጣልያ እጅ በተለቀቀችበት በ1934 ዓ. ም. ጦርነትም የአውሮፕላን ቦምብ ያደረሰው ጕዳት አለ። ስለዚህ ይህን ያፈረሰው እገሌ ነው ከማለት በፊት፣ ይህ መቼ ፈረሰ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። አርባ አራቱ ታቦት የሚለውንም ቍጥር ብንወስድ የክብር ስም ሆኖ የቆየ እንጂ በቆጠራ የተገኘ ብቻ አይመስልም። ቍጥር በተነገረ ቍጥር ማን ቆጠረው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሞኝ አይደለም።

ንጉሡስ ለምን ይህን አደረጉ? በዚህም ሁለት ቃል አለ። ከንጉሡ ወገን ሆኖ ለተናገረ ከተማዪቱ ለወልቃይቱ ለጢሶ ጎበዜ በርዋን የከፈተች፣ ሽፍታ የምትቀልብ ናት። ካህናቱም ከ1848 ዓ. ም. ጀምሮ፣ ንጉሡ የቤተ ክርስቲያኑን መሬት ለሠራዊት ሊያውሉት ባሰቡ ጊዜ፣ ተቃውመዋቸው ነበር። ከከተማዪቱ ወገን ሆኖ ለተናገረ ደግሞ ግዛታቸው የጠበበባቸው፣ ለሠራዊታቸው የሚከፍሉት ያጡ ንጉሥ የአድባራቱን ወርቅና ብር ፈለጉ። ልብ ብሎ የመረመረ ሰው ሁለቱ ምክንያቶች እርስ በርሳቸው እንደማይጣሉ ያያል። ምክንያትን ማስረዳት ግን በደልን ማጥፋት አይደለም፤ በደልን መናገርም ምክንያትን ማጥፋት አይደለም። ቤቱ የተቃጠለበት የጎንደር ድኻ ከመሬቱ ክርክርም ከሽፍትነቱም ድርሻ አልነበረውም ይሆናል፤ የእርሱን ቃል የጻፈ ዜና መዋዕል ግን የለም። ይህም ራሱ ከአድልዎ ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ብዕር ያለው ይሰማል፣ ብዕር የሌለው ይረሳል።

ከምስክሮች ሁሉ ይልቅ ልንሰማው የሚገባን በገዛ ጥቅሙና በገዛ ፍቅሩ ላይ የሚመሰክረውን ነው። እንግሊዛዊው ቆንስል ፕላውደን የንጉሡ ወዳጅ ነበር፤ በ1852 ዓ. ም. በጎንደር አጠገብ በሽፍቶች እጅ በቆሰለና በሞተ ጊዜም ንጉሡ ደሙን ተበቅለውለታል። ይህ ወዳጅ በ1847 ዓ. ም. ለመንግሥቱ በላከው ጽሑፍ የንጉሡን ብርታትና ፍርድ አዋቂነት እያመሰገነ፣ ቍጣቸው የሚያስፈራ፣ ኩራታቸውም የማይበገር መሆኑን ሳይሸሽግ ጽፏል። በአንጻሩ የንጉሡ እስረኛ የነበረው ራሳም፣ ንጉሡ በብዙ ጊዜ በአክብሮትና በፍቅር እንደ ተቀበሉት በመጽሐፉ ገልጿል። ወዳጅ ያመነው ነውርና ጠላት ያመነው በጎነት፣ እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ታሪክ ጸና ይባላል።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ትውልድም የየራሱን ቴዎድሮስ ሠርቷል። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተውኔት፣ የብርሃኑ ዘርይሁን «የቴዎድሮስ እንባ»፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ሁሉም በዚህ ሰው ዙሪያ የተደረሱ ናቸው። ድርሰት የልብን መሻት ማሳየት ሥራው ነውና አይነቀፍም። ነገር ግን በመድረክ ያየነውን ቴዎድሮስ በችሎት ምስክር አድርገን ያቆምነው እንደ ሆነ ስሕተቱ የደራሲው ሳይሆን የእኛ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ስላለፈው ዘመን ብቻ ለማውራት አይደለም። በደረስጌ ሜዳ የመንግሥት ነገር የተቆረጠው በጦር ነበር፤ ከዚያ ከመቶ ዓመት በኋላ ግን በ1948 ዓ. ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት፣ በ1950 ዓ. ም. መግቢያ ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የምክር ቤት እንደራሴዎችን በድምፁ መረጠ። በዚያን ጊዜ የፖለቲካ ፓርቲ ስላልነበረ መራጩ የሚመዝነው የሰውየውን ስም፣ ዘርና ሀብት ነበር። በ1997 ዓ. ም. ደግሞ ተፎካካሪ ፓርቲዎች በራዲዮና በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ሲከራከሩ ሕዝቡ በየቤቱ ሆኖ አዳመጠ፤ ከምርጫው በኋላም ስለ ውጤቱ የተነሣው ክርክር አገርን እንዳናወጠ ያን ዘመን ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። የመሣሪያው ዓይነት ተለወጠ እንጂ የሚነገረው ነገር ብዙ አልተለወጠም። ያ የኮሶ ሻጭ ልጅ የሚለው ስድብ ዛሬም በሌላ ስም ይነገራል፤ ያ የሰሎሞን ዘር የሚለው ውዳሴም እንዲሁ። አንዲት ወሬም እንደ ድሮው በሺህ አፍ ተደግማ ሺህ ምስክር መስላ ትቀርባለች።

ስለዚህ በክርክር መካከል የሚቀመጥ መራጭ፣ በክፍሉ ውስጥ የሚያስተምር መምህር፣ መዝገብ ላይ የሚፈርም ሹም ሁሉ የአባቶቹን የችሎት ጥያቄ ቢያነሣ ይጠቀማል። የሚናገረው ማን ነው? አየ ወይስ ሰማ? የት ቆሞ አየ? ቃሉ ቢታመንለት ምን ያገኛል? ምን ሳይናገር ቀረ? ባላጋራውስ ከተናገረው ውስጥ የትኛውን ያምንለታል? ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይህን ቃል የተቀበልሁት ማስረጃ ስላለው ነው ወይስ ደስ ስላሰኘኝ? ሌላውን ምስክር መንቀፍ ለማንም ቀላል ነው። በልባችን ውስጥ የተቀመጠውን ምስክር መንቀፍ ግን ጭንቅ ነው።

በመጀመሪያ ወዳነሣናቸው ወደ ጎንደር ሽማግሌ እንመለስ። እኒያ ሰው በአንድ አፍ ሲያወድሱም ሲያለቅሱም አድማጩ ቃላቸው እርስ በርሱ ይጣላል ብሎ ያዝንባቸው ይሆናል። ነገር ግን ከሁላችንም ይልቅ ለእውነት የቀረቡት እርሳቸው ናቸው። የወደዱትን ንጉሥ በደል ይናገራሉ፤ የበደላቸውን ንጉሥ ታላቅነትም አይክዱም። የአገር ነገር በሚመከርበት ስፍራ ሁሉ እንደዚህ ያለ ምስክር ቢበዛልን፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው የአባቶች ቃል ይፈጸምልን ነበር።